ግንቡን 25 ሜትር ወደ ኋላ የወሰዱት ሰዎች፦ የክላቬል ታወር የጉዳይ ጥናት

ይህን ጉዳይ እንድጽፍ የገፋፋኝ አንድ ቁጥር ነው፤ 16,272። በደቡብ እንግሊዝ፣ ዶርሴት ውስጥ፣ ባሕር ዳር ገደል ጫፍ ላይ የነበረ አንድ ትንሽ ክብ ግንብ ተፈቶ ሲወርድ ቁጥር የተሰጣቸው ድንጋዮች ብዛት ነው። ድንጋዮቹ አንድ በአንድ ወረዱ፣ ተመዘገቡ፣ ከዚያ እንደገና ተገነቡ። ግንቡ ግን የቆመው ድሮ ከነበረበት 25 ሜትር ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ነው።

ስለ ቅርስ ጥበቃ ስናወራ ቶሎ ትዝ የሚሉን ትልልቆቹ ናቸው። ቤተ መንግሥት፣ ካቴድራል፣ የጦር ምሽግ። ይሄኛው ንጉሥ አልኖረበትም፣ ጦርነትም አልተካሄደበትም። ለደስታ የተሠራ ግንብ ነው። እንዲህ ያለውን ለማዳን የተከፈለው ዋጋና የተሄደበት መንገድ በደንብ ተጽፎ መቀመጥ አለበት ብዬ አምናለሁ። በማዳኑ ሥራ የተሳተፉ ግለሰቦችን በስም አላነሳም። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

## ግንቡና የቆመበት ገደል

እንግሊዞች «ፎሊ» የሚሉት የግንባታ ዓይነት አለ። ቃሉ በቁሙ ቂልነት ማለት ነው። በተለይ በ18ኛውና በ19ኛው መቶ ዘመን መሬትና ገንዘብ የነበራቸው ሰዎች ርስታቸውን ለማሳመር ኮረብታ ላይ ማማ ያቆሙ ነበር። ከጥንት የፈረሰ የሚመስል ፍርስራሽ በአዲስ ድንጋይ ያስገነቡም ነበሩ። ሕንፃው መኖሪያ አይደለም። ዓይን እንዲያርፍበት ነው። እንግዳ ይዘው ሽርሽር እንዲወጡበት፣ ከላዩ ሆነው ሩቅ እንዲያዩበት ነው።

ክላቬል ታወር ከእነዚህ አንዱ ነው። ያሠሩት ቄስ ጆን ሪቻርድስ ክላቬል ናቸው። ስሜድሞር የሚባለውን ርስት በ1817 ሲወርሱ የርስቱን ባለቤቶች የቤተሰብ ስም፣ ክላቬልን፣ ያዙ። ግንቡን በ1830 ያቆሙት በእርጅናቸው ነው። ከላዩ ሆነው ባሕሩንና ሰማዩን ሊያዩበት ፈልገዋል።

ቁመቱ 11 ሜትር ያህል ነው። ከመሬት በታች ያለውን ጨምሮ አራት ደርብ አለው። ታችኛውን ክፍል ዙሪያውን አምዶች ከበውታል፤ በአምዶቹ ላይ በረንዳ ዞሮታል። አናቱ ላይ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው የድንጋይ መከለያ አለው፤ ከሩቅ ሲያዩት ዘውድ የደፋ ይመስላል። ሰፊ ባሕር ፊት ለፊት፣ ዛፍ በሌለበት ሣር ላይ፣ ብቻውን ስለቆመ ከቁመቱ በላይ ይገዝፋል።

ስለ ገደሉም ማወቅ ያስፈልጋል፤ የዚህ ታሪክ ግማሹ እሱ ነውና። ቦታው ሄን ክሊፍ ይባላል፤ ከኪመሪጅ ባሕረ ሰላጤ በስተምሥራቅ ነው። ከባሕሩ ዳር ተነስቶ ወደ ግንቡ የሚወጣው መንገድ ቀጥ ያለ ዳገት ነው። ገደሉ ጥቁር ግራጫ ነው፤ ከጭቃ የረጋ ቅጠል ቅጠል የሚል ድንጋይ። ቁራጩን በእጅ ይዘው ቢጫኑት እንደ አሮጌ መጽሐፍ ገጽ እየተላቀቀ ይሰነጠቃል። አዲስ ስብራቱ ዘይት ዘይት ይሸታል።

ሽታው እውነተኛ ነው። የሰሜን ባሕር ነዳጅ በአብዛኛው የፈለቀው ከዚሁ ዓይነት ድንጋይ ነው። ባሕረ ሰላጤው ዳር ከ1959 ጀምሮ ራሷን እየነቀነቀች ነዳጅ የምትስብ አንዲት ፓምፕ አለች። ከሮማውያን ዘመን በፊት የነበሩ ሰዎች ከዚህ ድንጋይ አምባር ይሠሩ ነበር። በ17ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ደግሞ ሰር ዊልያም ክላቬል የተባሉ የርስቱ ባለቤት ድንጋዩን እንደ ከሰል እያነደዱ ጨውና ብርጭቆ ለማምረት ሞክረዋል። የሥነ ምድር ሊቃውንት አንዱን የምድር ታሪክ ዘመን የሰየሙት በዚህች መንደር፣ በኪመሪጅ፣ ስም ነው።

ለአምባርም ለእሳትም የሚሆን ድንጋይ፣ ለመሠረት ግን መጥፎ ነው።

## ግንቡ ሥራ ሲፈታ

ቄሱ ግንቡን ካሠሩ በኋላ ብዙ አልቆዩም። ከእሳቸው በኋላ ግንቡን የተጠቀሙበት የባሕር ዳርቻ ጠባቂዎች ናቸው። መርከብ ለማየትና ኮንትሮባንድ ለመከታተል ከዚያ የተሻለ ቦታ አልነበረም። ጠባቂዎቹ እስከ 1914 ድረስ ቆይተውበታል።

በዚህ ጊዜ ውስጥ አንድ ወጣት ቦታውን ይወደው ነበር። ቶማስ ሃርዲ ነው፤ ኋላ ስመ ጥር ደራሲ የሆነው። ያኔ ሥራው ከአርኪቴክት ጋር ነበር። በኪመሪጅ የአንድ የባሕር ዳርቻ ጠባቂ ልጅ ይወድ ነበርና ወደ ግንቡ ይዟት ይወጣ ነበር። በ1898 የመጀመሪያ የግጥም መድበሉን ሲያሳትም ግንቡን በራሱ እጅ ስሎ አስገብቶታል። ኮርኒስና አምድ መሳል ሙያው የነበረ ሰው ይህን ግንብ ከግጥሞቹ ጋር ማስገባቱ ለእኔ ብዙ ይናገራል።

ጠባቂዎቹ ለቀው ከወጡ በኋላ ግንቡ ባዶ ቀረ። በ1930ዎቹ እሳት ተነሳና ውስጡን በላው። የእንጨቱ ወለልና ደረጃው ጠፋ። የቀረው ቀፎው ነው። ከዚያ ወዲያ ለአሥርት ዓመታት ዝናብና ጨዋማ ንፋስ ተፈራረቁበት። ልስኑ ረገፈ፣ ድንጋዩ ላላ። ሕንፃው በሕግ የተጠበቀ ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል፤ ይህ ግን ወረቀት ነው። ወረቀት ጣራ አይሆንም።

እዚህ ጋ አንድ ነገር ልብ እንበል። ግንቡ መጎዳት የጀመረው ባሕሩ ስለደረሰበት አይደለም። ሰው ስለተወው ነው። ከ1830 እስከ 1914 ነፋሱም ዝናቡም ነበሩ። ግን ጠባቂዎቹ በየቀኑ በሩን ይከፍቱ ነበር። ውሃ ሲያፈስ የሚያይ ዓይን፣ የተሰበረ መስኮት የሚጠግን እጅ ነበረው።

## ችግሩ

ባሕሩ የገደሉን እግር ይበላል። ማዕበል ሥሩን ሲቦረቡረው ላይኛው ክፍል ድጋፍ ያጣና ይናዳል። ከላይ በኩል ደግሞ ያ ቅጠል ቅጠል የሚል ድንጋይ ዝናብ ሲጠጣና ፀሐይ ሲያደርቀው ይሰነጠቃል። ስለዚህ ገደሉ ከሁለት በኩል ይጠቃል። በ21ኛው መቶ ዘመን መግቢያ ላይ በግንቡና በገደሉ ጫፍ መካከል የቀረው ጥቂት ሜትር ብቻ ነበር።

«ታዲያ ገደሉን ለምን አያጠናክሩትም?» የሚል ጥያቄ መነሳቱ አይቀርም። እኔም መጀመሪያ የጠየቅኩት ይህንኑ ነው። መልሱ ጉዳዩን ከባድም ማራኪም ያደርገዋል።

ይህ የባሕር ዳርቻ በ2001 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። ጁራሲክ ኮስት ይባላል፤ ርዝመቱ 150 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የተመዘገበው ደግሞ ገደሉ እየተናደ የምድርን የ185 ሚሊዮን ዓመት ታሪክ ገልጦ ስለሚያሳይ ነው። ቅሪተ አካሎቹ የሚታዩት ባሕሩ ስለሚቆርጥ ነው። ሲሚንቶ ቢደረግበትና መሸርሸሩ ቢቆም፣ ቦታው የተመዘገበበት ምክንያትም አብሮ ይቆማል።

ስለዚህ ሁለት ቅርሶች ተጋጩ። አንዱ ካልፈረሰ ሌላው አይኖርም። ባሕሩን መከልከል አይቻልም። ግንቡም ባለበት ቢቀር ይወድቃል።

## በጠረጴዛው ላይ የነበሩ ምርጫዎች

በ2002 ይህን ግንብ ለማዳን ብቻ አንድ ትንሽ ማኅበር ተቋቋመ። ከዚያ ላንድማርክ ትረስት የሚባለው የበጎ አድራጎት ድርጅት እንዲያግዝ ተጠየቀ። ላንድማርክ ትረስት በ1965 የተመሠረተ ነው። አደጋ ላይ ያሉ አሮጌ ሕንፃዎችን ይጠግንና ለአጭር ጊዜ ዕረፍት ያከራያል። በኪራዩ ሕንፃዎቹን ይንከባከባል። ዛሬ 200 ያህል ሕንፃዎች አሉት።

ግንቡን እንዲወድቅ መተው አንድ ምርጫ ነው። ሲሰማ ጨካኝ ይመስላል፤ በቅርስ ሙያ ውስጥ ግን በቁም ነገር የሚነሳ ሐሳብ ነው። ፎቶ ይነሳል፣ ይለካል፣ ይመዘገባል፣ ከዚያ ተፈጥሮ የራሷን ትሠራለች። ገደሉን መከላከል ደግሞ ከላይ ባልኩት ምክንያት ከመጀመሪያው የተዘጋ በር ነበር።

ሌላው ግንቡን እንዳለ፣ ሳይፈታ፣ ማንሸራተት ነው። ይህ ቅዠት አይደለም። በ1999 በዚያው በደቡብ እንግሊዝ የባሕር ዳርቻ፣ ቢቺ ሄድ ላይ፣ ቤል ታውት የሚባል፣ ለመርከቦች በብርሃን ምልክት ይሰጥ የነበረ አሮጌ የመብራት ቤት እንዲህ ተደርጓል። 850 ቶን የሚመዝነው ሕንፃ በሃይድሮሊክ ክሪክ ተነስቶ 17 ሜትር ወደ ኋላ ተንሸራቷል። በዚያው ዓመት አሜሪካ ውስጥ የኬፕ ሃተራስ የመብራት ማማ 880 ሜትር ያህል ተጉዟል።

ማንሸራተት የሚያምረው ሕንፃው ሳይነካ መድረሱ ነው። ግን ሕንፃው እንደ አንድ አካል መያያዝ አለበት። የመብራት ቤት ማዕበል እንዲቋቋም ተደርጎ በትልልቅ ጥርብ ድንጋይ የተሠራ ነው። ክላቬል ታወር ደግሞ ወለሉ ተቃጥሎ፣ ሰባ ዓመት ያህል ክፍት ሆኖ የከረመ ቀፎ ነው። እንዲህ ያለውን ግንብ ከሥሩ ማንሳት፣ የተሰነጠቀ እንስራ ውሃ እንደሞላ እንደማንሳት ነው። በዚያ ላይ ከባድ መሣሪያ የሚቆምበት መሬት ያው የሚናደው መሬት ነው።

የተመረጠው መፍታት ነው። ድንጋይ በድንጋይ ማውረድና ወደ ውስጥ ገባ ብሎ እንደገና መገንባት።

ይህ ውሳኔ ቀላል አልነበረም። እንግሊዝ ውስጥ ከ19ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ ሥር የሰደደ አንድ እምነት አለ፤ አሮጌ ሕንፃ ጠግን እንጂ እንደ አዲስ አትሥራው፣ ከቦታውም አታንቀሳቅሰው የሚል። ፈርሶ የተሠራ ሕንፃ የድሮው ነው ወይስ የአዲስ ቅጂ? ጥያቄው ተገቢ ነው። እኔ የምስማማው ከመረጡት ሰዎች ጋር ነው። ምክንያቴን ወደ ታች እመለስበታለሁ።

## ለምን 25 ሜትር ብቻ?

ብዙ ሰው የሚያልፈው ነጥብ ነው፤ ለእኔ ግን ከሥራው ሁሉ ብልህነት የታየበት እዚህ ነው። መንቀሳቀሱ ካልቀረ ለምን ሁለት መቶ ሜትር አይወሰድም? ያኔ ለብዙ ዘመን ስጋት አይኖርም።

ግን ይህ ግንብ ግንብ የሚሆነው ከባሕሩ ጋር ነው። ከኪመሪጅ ዳርቻ ቀና ሲሉ ሰማዩ ላይ ተለይቶ መታየት አለበት። ከመስኮቱ ሲመለከቱ ከታች ማዕበል መታየት አለበት። ወደ እርሻው ውስጥ ርቆ ቢገባ መንገድ የጠፋበት የአትክልት ቤት ይመስል ነበር። ስለዚህ ጥያቄው «የት ቢቆም ለዘላለም አይነካም?» አልነበረም። «ማንነቱን ሳያጣ፣ በቂ ዘመን የሚሰጠው ቦታ የት ነው?» የሚል ነበር። 25 ሜትር የዚህ ጥያቄ መልስ ነው። ባሕሩ አንድ ቀን እዚያም ይደርሳል። ይህን የወሰኑት ሰዎች ያውቁታል።

## ሥራው

በሕግ የተጠበቀ ሕንፃ ያለ ፈቃድ አይነካም። ማፍረስም፣ ማንቀሳቀስም፣ በአዲሱ ቦታ መገንባትም ፈቃድ ይፈልጋሉ። ገንዘቡ ከብሔራዊ ሎተሪ ለቅርስ ከሚመደበው ፈንድና ከብዙ ለጋሾች ተሰበሰበ። ጠቅላላ ወጪው 900,000 ፓውንድ ያህል ነበር። ለድንጋዮቹ ብናካፍለው ለአንዱ 55 ፓውንድ ይጠጋል።

ማፍረሱ በ2006 ተጀመረ። ማፍረስ ስል ቤት እንደሚፈርሰው አይደለም። ከመዶሻው በፊት እርሳስ ይቀድማል። ግንቡ ተለካ፣ ተሳለ፣ ፎቶ ተነሳ። እያንዳንዱ ድንጋይ ቁጥር ተሰጠው። ከዚያ ከላይ ወደ ታች፣ ረድፍ በረድፍ፣ ማውረድ ተጀመረ። አናቱ ላይ የነበረው መከለያ መጀመሪያ ወረደ። መሠረቱ መጨረሻ።

ክብ ግንብ ላይ ይህ ሥራ ለምን እንደሚከብድ ለመረዳት አንድ ድንጋይ በሐሳብ እናንሳ። በቀጥ ያለ ግድግዳ ውስጥ ያለ ጡብ ከጎረቤቱ ጋር ቦታ ቢለዋወጥ ማንም አያውቅበትም። ክብ ግንብ ላይ ግን የፊት ድንጋዩ ወደ ውስጥ ጠበብ፣ ወደ ውጭ ሰፋ ይላል፤ ፊቱም ትንሽ ጎበጥ ያለ ነው። የአምድ ቁራጭ፣ የመስኮት ደፍ፣ የበረንዳ ጠርዝ እያንዳንዱ የራሱ ቦታ አለው። ቁጥሩ ከጠፋ ድንጋዩም ጠፋ ማለት ነው። 16,272 ድንጋዮች ሣር ላይ ተደርድረው ዝርዝሩ ቢበላሽ ኖሮ የሚቀረው ክምር ነበር።

አንድ ነገር ደግሞ ሥራውን አቅልሎታል፤ ኖራ። በ1830 የነበሩ ግንበኞች የሚያያይዙት በኖራ ነበር። ኖራ ከድንጋዩ የለሰለሰ ነው። ሲፈቱት ድንጋዩን ሳይሰብር ይለቃል። ጠንካራ ሲሚንቶ ቢሆን ኖሮ ድንጋዩ ከሲሚንቶው በፊት ይሰበር ነበር። ለዚህ ነው አሮጌ ሕንፃ በሲሚንቶ ሲለጠፍ ሳይ አንጀቴ የሚቃጠለው። ዛሬ ያጠነከርነው የሚመስለን፣ ነገ ሌላ ሰው እንዳያድነው እየዘጋንበት ነው።

በአዲሱ ቦታ አዲስ መሠረት ተጣለ። ከዚያ ያው ጉዞ ወደ ላይ ተደገመ። የተቃጠለው ውስጡ እንደገና ተሠራ፤ ወለል፣ ደረጃ፣ በር፣ መስኮት። ውጪው ተለሰነ። አምዶቹ ቆሙ። ሥራው ከማፍረሱ ጀምሮ 18 ወር ያህል ፈጀ። በ2008 የመጀመሪያዎቹ እንግዶች ገብተው አደሩበት።

## የተሳካው

ከሁሉ በላይ የሠራው ምዝገባው ነው። ድንጋይ መቁጠር አሰልቺ ነው፤ ፎቶ አይወጣለትም፣ ለምርቃት ቀን ንግግር አይሆንም። ግን ግንቡን ያዳነው እሱ ነው። ከላይ ላነሳሁት ጥያቄም፣ ማለትም የድሮው ነው ወይስ ቅጂ ለሚለው፣ መልሴ እዚህ ላይ ነው። አዲስ ድንጋይ ጠርበው የድሮውን አስመስለው ቢሠሩ ቅጂ እለው ነበር። ድንጋዩ ያው፣ ረድፉ ያው፣ ቁመቱም ያው ከሆነ ግን ይሄ ቤቱን የቀየረ ሰው ነው እንጂ ሌላ ሰው አይደለም።

ሁለተኛው ነገር ግንቡ ሥራ ማግኘቱ ነው። ዛሬ ሁለት ሰው የሚያድርበት የዕረፍት ቤት ነው። በየደርቡ አንድ አንድ ክብ ክፍል አለ። ቴሌቪዥን የለም። መኪና በሩ ድረስ አይመጣም፤ ሻንጣ ተሸክሞ ያን ዳገት መውጣት ነው። እንዲያም ሆኖ ከድርጅቱ ቤቶች በጣም ከሚፈለጉት አንዱ ነው። ሰው ስላለበት እሳት ይነድበታል፣ መስኮቱ ይከፈታል፣ ጣራው ሲያፈስ በማግስቱ ስልክ ይደወላል። ከ1914 በፊት ጠባቂዎቹ ያደርጉት የነበረውን ዛሬ እንግዶቹ ያደርጉታል።

ደግሞ ባሕሩ አልተነካም። ገደሉ ዛሬም እንደ ልቡ ይናዳል። ቅሪተ አካል ፈላጊዎች ከታች በኩል ይመላለሳሉ። ከሁለቱ ቅርሶች አንዱም ለሌላው አልተሠዋም።

## ያልተሳካውና የጠፋው

መጀመሪያ የጠፋው ጊዜ ነው። ጠባቂዎቹ ከለቀቁ እስከ ማዳኑ ሥራ ዘጠና ዓመት ያህል አለፈ። እሳቱ ከመነሳቱ በፊት አንድ ቤተሰብ እንኳ ቢከራየው ኖሮ ቄሱ ያሠሩት ወለልና ደረጃ ዛሬ ይኖር ነበር። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው እዚህ ቃል በቃል ይሠራል። የውስጡ ዕንጨት ሥራ አዲስ ነው፤ የ1830ው አይመለስም።

ሁለተኛ፣ ቦታው ጠፍቷል። አንድ ሕንፃ የት እንደቆመ የታሪኩ አካል ነው። ሃርዲ የቆመበት ነጥብና ዛሬ እንግዶች የሚያድሩበት ነጥብ አንድ አይደሉም። 25 ሜትር ትንሽ ነው፤ ግን ዜሮ አይደለም።

ሦስተኛው በሩ ነው። ውስጡን ማየት የሚችለው የተከራየ ነው፣ ወይም በተወሰኑ የጉብኝት ቀናት የመጣ። በአጠገቡ የሚያልፈው የእግር መንገድ ለሁሉም ክፍት ስለሆነ ከውጭ ማንም ያየዋል። ቢሆንም ሕዝብ ባዋጣው ገንዘብ የዳነ ሕንፃ አብዛኛውን ዓመት ለሕዝብ ዝግ መሆኑ ቅር ያሰኛል። ያለ ኪራዩ ደግሞ ጥገናው አይቻልም። ይህን ቋጠሮ እስካሁን በሚያረካ መልክ የፈታ አላየሁም።

## አንድ ማነጻጸሪያ፦ ሃድሎ ታወር

«ጠግኖ ማከራየት» ብቻውን መድኃኒት እንዳልሆነ የሚያሳይ ሌላ የጌጥ ግንብ እዚያው እንግሊዝ ውስጥ አለ። ኬንት ውስጥ የሚገኘው ሃድሎ ታወር ነው። ከ50 ሜትር በላይ የሚረዝም፣ በ19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ አካባቢ የተሠራ ግንብ ነው። የ1987ቱ ታላቅ አውሎ ነፋስ ክፉኛ መታው፤ በ1996 አናቱ ላይ የነበረው ክፍል መውረድ ግድ ሆነ። የአካባቢው ምክር ቤት በ2011 በሕግ ኃይል ከባለቤቱ ገዛው። አንድ የቅርስ ድርጅት ተረክቦ ከ4 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ በሆነ ወጪ በ2013 ጠግኖ ጨረሰው። እሱም ለዕረፍት ተከራየ። ግን በ2015 ያ ድርጅት ራሱ ከስሮ ተዘጋ።

ግንቡ አልፈረሰም። የተጠገነውም አልተበላሸም። ድርጅቱ ግን ትንሽ ነበር፤ ብዙ ሸክም ጥቂት ቤቶች ላይ ወድቆ ነበር። አንድ ያላት እንቅልፍ የላት እንደሚባለው ነው። ላንድማርክ ትረስት ሁለት መቶ ያህል ሕንፃዎች ስላሉት አንዱ ቤት በአንድ ክረምት እንግዳ ቢያጣ ሌላው ይሸፍንለታል። የክላቬል ታወር ዋስትና አዲሱ መሠረቱ ብቻ ሳይሆን ከኋላው የቆሙት እነዚያ ሌሎች ቤቶችም ናቸው።

## ለሌላ ጉዳይ የሚተርፈው

የመጀመሪያው ነገር ችግሩን በትክክል መለየት ነው። ግንቡ ሁለት በሽታ ነበረበት፤ የሚናድ መሬትና ባዶነት። መሬቱን ብቻ አይተው ቢያንቀሳቅሱት ኖሮ 25 ሜትር ወደ ኋላ የተወሰደ ባዶ ቀፎ ይሆን ነበር። ባዶነቱን ብቻ አይተው ባለበት ቢጠግኑት ደግሞ ያማረ ግንብ ገደል ይገባ ነበር። ማንኛውም ቅርስ ጋ ስንደርስ «ምን ጎዳው?» ከሚለው ጋር «ማን ትቶት ነው?» ማለት አለብን።

ምዝገባ ደግሞ የገንዘብ ጉዳይ አይደለም። ገንዘብ ባይኖር እንኳ ሜትር፣ ወረቀትና ካሜራ ይዞ መለካት ይቻላል። ዛሬ የሚታደግ ባይገኝ፣ ከሃያ ዓመት በኋላ ሊገኝ ይችላል። ያ ሰው የሚፈልገው ልኩን ነው። ለመጀመር የሚያስፈልገው በእያንዳንዱ ድንጋይ ላይ ቁጥር ሳይሆን አራት የጎን ሥዕልና የእያንዳንዱ ክፍል ስፋት ነው።

አጠጋገኑን በተመለከተ፣ የሚፈታ ነገር መጠቀም የክላቬል ግንበኞች ሳያውቁት ያወረሱን ጥበብ ነው። ኖራ የሠራውን ኖራ ይጠግነው። ከመቶ ዓመት በኋላ የሚመጣው ግንበኛ የእኛን ሥራ መፍታት ሊያስፈልገው ይችላል።

ስለ ባለቤትነት ሃድሎ የሚነግረን ግልጽ ነው። የጥገናው በጀት ሲታሰብ የመጀመሪያዎቹ አሥር ዓመታት በጀትም አብሮ መታሰብ አለበት፤ የሚይዘው አካል ስንት ሸክም እንዳለበትም እንዲሁ። ለአንድ ቅርስ አንድ ማኅበር ማቋቋም ለመነሻ ጥሩ ነው። ክላቬል ታወርም የተነሳው እንዲያ ነው። ማኅበሩ ግን ብቻውን አልገፋበትም፤ ትልቅ ወንድም ፈለገ። ይህን ማድረግ ሽንፈት የሚመስላቸው አሉ። እኔ ግን ከወሰዷቸው እርምጃዎች ሁሉ ምርጡ ነው እላለሁ።

አንድ ማስጠንቀቂያ ደግሞ አለ። ይህ ጉዳይ «ማንኛውንም ሕንፃ ማንቀሳቀስ ይቻላል» ለማለት መጠቀሻ መሆን የለበትም። እዚህ የተንቀሳቀሰው መሬቱ እየሄደ ስለነበር ነው። መንገድ ሊሠራበት ስለተፈለገ ወይም ቦታው ውድ ስለሆነ ቅርስ ማንሳት ሌላ ነገር ነው። ባሕር አይለመንም። የከተማ ፕላን ግን በሰው እጅ ነው፣ ይለወጣል።

## ዛሬ

ግንቡ ዛሬ ነጣ ያለ ልስን ለብሶ ሣሩ ላይ ቆሟል። ከሱ ወደ ባሕሩ ጥቂት እርምጃ ሲወርዱ መሬት ላይ በክብ የተደረደሩ ድንጋዮች አሉ። ከ1830 ጀምሮ ግንቡ የቆመበትን ቦታ ያመለክታሉ። ቁጥር የላቸውም። ማንም አያነሳቸውም። የገደሉ ጫፍ ወደ እነሱ እየቀረበ ነው።